አሥር ማርክ ለሚካኤል

ምሳሌ የሚባለው ነገር በፈቃድ ብቻ የሚያዝ መሆን ነበረበት። ባጃጅ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ጠላ ቤት ለመክፈት እንኳ ወረቀት አምጣ ይባላል። ሃምሳ ሁለት ልጆች ፊት ቆሞ «ለምሳሌ» ለሚል ሰው ግን ማንም ፈቃድህን አሳይ አይለውም። ተማሪ ትምህርቱን ይረሳል። ትርጉሙን ይረሳል፣ ቀመሩን ይረሳል፣ ፈተና ሲደርስ የገዛ መለያ ቁጥሩን ይረሳል። ምሳሌውን ግን አይረሳም። ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ያሳድረዋል፣ ይቀልበዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይዞት ይመጣና እናንተው ላይ ይለቅባችኋል። ይህን የምለው ተናድጄ ነው። ከተናደድሁ ወር አልፎኛል፤ ገና አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የምናስተምርበት መጽሐፍ ምሳሌ ባስፈለገው ቁጥር ፒዛ ይጠራል። የፒዛ ዋጋ ሲጨምር፣ የፒዛ ፈላጊ ሲቀንስ፣ የፒዛ ጋጋሪዎች ሲበዙ። ተማሪዎቼ ደግሞ አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በሳምንት አንዴ ከቤት በሚመጣላቸው ስንቅ የሚማሩ ናቸው። አንዱ እጁን አወጣና ፒዛ በጾም ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በልቼው ስለማላውቅ አላውቅም አልሁት። እስቲ ፍረዱኝ፤ አስተማሪው ላልበላው፣ ተማሪው ላላየው ነገር ዋጋ ስንጨነቅ መንፈቅ ልናሳልፍ ነው? ማን ነው ይህን የጻፈው? አንድ ቀን ቡሬ ገበያ ወርዶ በርበሬ የሚባል ነገር እንዳለ ቢያይ ምን ይጎድልበት ነበር?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርሁ። በዚያ ሰሞን አገሩን ሁሉ አንድ ተከታታይ ድራማ ይዞት ነበር፤ ከውጭ መጥቶ ድምፁ ወደ አማርኛ የተመለሰ። ፀጉር ቤት ብትገቡ እሱ፣ ቁርስ ቤት ብትገቡ እሱ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ አውጪልኝ ብትሉ የካርድ ክፍሏ ልጅ ዓይኗ እዚያው ተተክሎ ነው የምታገኟት። ተማሪዎቼ የአቅርቦትን ትርጉም ስንት ጊዜ ነግሬያቸው አልያዙትም። የድራማውን ባለጠጋ ሴትዮ ሟች ባል የመጀመሪያ እጮኛ ስም ግን ከእነ አባቷ ይነግሯችኋል። እኔም ቀንቼ፣ እንግዲያው በዚሁ ልምጣባችሁ አልሁ።

የመረጥሁት ትዕይንት ይህ ነበር። ሴትዮዋ ሰፊ የወይን እርሻ አላት። ወይኑ ደርሷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ ሊጥል ነው። ለቃሚዎቹ ድንገት ቅርጫታቸውን አስቀመጡና ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ተቆጣች፤ አልተነሡም። ለመነች፤ አልተነሡም። በመጨረሻ ደመወዛቸውን ሦስት እጥፍ ስታደርገው እየዘፈኑ ተነሡ። ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ስፒከር ተውሼ አሳየኋቸው። ከዚያ መድረኩን አገኘሁና አበድሁ። ጠመኔዬን ወደ ጣሪያው አንሥቼ፣ ለምን ትናንት አልተቀመጡም፣ ለምንስ ለነገ አላሉም እያልሁ ጮኽሁ። መልሱንም ራሴው ሰጠሁ። «ደመናው ዛሬ ስለመጣ ነው! የጉልበት ዋጋ የሚለየው ሰማይ ሲጠቁር ነው!» አልሁ። አጨበጨቡልኝ። ኢኮኖሚክስ አስተምሬ ሲጨበጨብልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስታዬ አሁን ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

አሁን ወደ አክስቴ እንሂድ። እማማ ሙሉ የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ የወለደችው የለም፤ እኔን ያስተማረችኝ በርበሬ ሸጣ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ የላከችልኝን ሻንጣ ስከፍት የመኝታ ክፍሉ ሰው ሁሉ ያስነጥስ ነበር። ዛሬ ከደመወዜ ቆንጥሬ ስልክላት መልሳ ትልክልኛለች። «አንት ልጅ፣ መምህር ምን አለው ብለህ ነው!» ትለኛለች። ይህም ያናድደኛል፤ እውነቷን ስለሆነ።

ዘንድሮ ወገቧን ታመመችና ሁለት ሳምንት ተኛች። ጎረቤቶቿ በርበሬያቸውን አድርቀው ሲያስገቡ የእሷ ዘግይቶ ተለቅሞ፣ ከቤቷ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ቀረ። አንድ ዓርብ ጧት ደወለችልኝ። ሰማዩ አላማረኝም አለች። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ ልላት ነበር፤ ግን እሷ ሰማይ አላማረኝም ካለች ጃንጥላ መያዝ ይሻላል። ዝናብ ያገኘው በርበሬ ምን እንደሚሆን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቀለሙ ይሄዳል፣ ይሻግታል፣ ነጋዴው በእግሩ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። የእማማ ሙሉ የዓመት ዘይት፣ ጨውና ሳሙና፣ የወገቧም መድኃኒት ያለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሌላ የላትም።

ማግሥቱ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ብቻ ቢሆን ደግ፤ የወሩ ሚካኤልም ነው። ሁለቱ በዓል ተደራርበው መጡ። በእኛ አገር በሚካኤል ቀን ሥራ የሠራ ሰው ምን እንደሚባል አይጠየቅም፤ እስከ ፋሲካ ሲባል ይከርማል። እማማ ሙሉ ይህን አስባ አስቀድማ ቄሰ ገበዙን ጠይቃለች። ቄሰ ገበዙ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ኃላፊ፣ የእሷም የነፍስ አባት ናቸው። ማረሻና ማጭድ አይነሣ እንጂ ለደካማ ሰው በእጅ መሰብሰብ ምጽዋት ነው፣ ይደረግ ብለዋል። ዋጋ ከገባበት ግን ምጽዋትነቱ ይቀርና ሥራ ይሆናል፤ ሥራ በሚካኤል አይሠራም ብለዋል። ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ እሺ፣ እሺ አልኋት። የሰማሁት ግን «ይደረግ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከሰዓት ክፍል ገባሁና ነገርኋቸው። አክስቴን እርዱልኝ፣ የሚኒባሱን እኔ እችላለሁ፣ ምሳ አለ አልሁ። ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ወዲያው እጃቸውን አወጡ። የክፍሉ አለቃ ብርቱካን የምትባል ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ምን መጠየቅ ያስፈልጋል ቲቸር፣ የእርስዎ አክስት የእኛም አክስት ናት ብላ አንጀቴን በላችው። ያን ማታ ስለ ተማሪዎቼ ጥሩነት ሳስብ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልደብቃችሁም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረስን። ልጆቹ ሥራ ያውቃሉ፤ የገበሬ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ በርበሬውን እያፈሱ ጆንያ ይሞላሉ፤ ግማሾቹ ጆንያውን ተሸክመው ሽቅብ ወደ ቤት ይወጣሉ። ያስነጥሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። እማማ ሙሉ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ እየዞረች ትመርቃለች። እኔ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆሜ አመራር እሰጣለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እኩሌታው ገባ። ከዚያ በጅጋ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

ብርቱካን ቀና ብላ ደመናውን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ከዚያ የያዘችውን ጆንያ በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። አንዱ አያት፤ ቁጭ አለ። ሌላዋ ቁጭ አለች። ሠላሳ አንድ ሰው፣ አንድም ሳይጎድል፣ በአክስቴ በርበሬ መካከል ተቀመጠ።

መጀመሪያ የደከማቸው መሰለኝ። ውኃ ይምጣላችሁ አልሁ። ብርቱካን በትሕትና፣ እጇን አጣምራ፣ ውኃ አልጠማንም ቲቸር አለችኝ። ለምን ትናንት እንዳልተቀመጥን ያውቃሉ አይደል ብላ ጨመረችበት። ደሜ ፈላ። ይህ ፊልም አይደለም፣ ይህች ሴትዮ ባለጠጋ አይደለችም፣ ወገቧን የታመመች መበለት ናት ብዬ ጮኽሁባቸው። ብርቱካን አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ ይህማ «ተቆጣች፤ አልተነሡም» የሚለው ክፍል ነው አለች። ልጆቹ ከትከት ብለው ሳቁ። ቀልድ ነበር እኮ! አሁን ሳስበው ቀልድ ነበር፤ ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ስቀው ይነሡ ነበር። ግን ማን ይታገሣል? ነጎድጓዱ ሰማይ ላይ በርሜል ያንከባልል ጀመር። እማማ ሙሉ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ምነዋ ልጆቼ አሟችሁ እንዴ ትላለች። እኔ ደግሞ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው ሲደነግጥ መጽሐፍ ነው የሚያስበው። ዋጋ ሲጨምር አቅርቦት ይጨምራል አልሁ በልቤ። አምስት ማርክ ብዬ ጮኽሁ። አልተነሡም። በሕይወቴ ያላወጣሁትን ድምፅ አውጥቼ፣ ለእያንዳንዳችሁ አሥር ማርክ፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው አልሁ።

ሜዳው በእልልታ ተናጠ። በፉጨት፣ በጭብጨባ ተነሡ። ጆንያው ትከሻ ላይ ወጣ። ዓለም የተስተካከለች መሰለኝ፤ መጽሐፉን እንኳ ከነፒዛው ይቅር አልሁት።

ይህ ይቅርታ ስንት ደቂቃ የቆየ ይመስላችኋል? ከላይ ካለው ቤት የሚካኤል ማኅበር ተሰብስቦ ነበር። እልልታው እዚያ ተሰማ። ቄሰ ገበዙ ምን ደስታ ተገኘ ብለው ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዙ ወረዱ። ብርቱካን ሮጣ ሄዳ መስቀል ተሳለመችና፣ ቲቸር አሥር አሥር ማርክ ሊሰጡን ነው አለቻቸው። እሳቸው ማርክ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ይበላል ወይ አሉ። አይበላም አባቴ፣ ግን ያሳልፋል አለች። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ እንግዲያው ካሳለፈ ዋጋ ነው፣ ዋጋ ከሆነ ይህ ሥራ ነው፣ ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አስቀምጡት ልጆቼ አሉ።

አስቀመጡት። እንዲህ በቅጽበት፣ ሠላሳ አንዱም። አንዷ እንዲያውም ጆንያው ከትከሻዋ ሲወርድ አማተበች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ዋጋ ጨምሬ አቅርቦት ዜሮ የገባበት ሥዕል የት መጽሐፍ ላይ አይታችኋል? እኔ በዓይኔ አየሁት፤ በርበሬ ላይ ተሥሎ አየሁት።

ቄሰ ገበዙ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ቃሌን አንሥቻለሁ አባቴ፣ ማርክ የለም፣ አንድም ማርክ የለም፣ በነፃ ነው አልሁ። በጎ፣ በነፃ ከሆነ ምጽዋት ነው አሉ። ወደ ልጆቹ ዞርሁ። አሁን ደግሞ በእውነት ተቆጥተው ቁጭ አሉ፤ ቲቸር ቃላቸውን ዐጠፉ ብለው። አያችሁ? ዋጋ ካለ ኃጢአት ነው፣ ዋጋ ከሌለ አድማ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የአክስቴ ዓመት ሜዳ ላይ ተሰጥቷል። በዚያች ሰዓት በሁሉም ላይ ነደድሁ። በድራማው፣ በመጽሐፉ፣ በደመናው፣ በብርቱካን፣ በቄሰ ገበዙ ጢም። ከሁሉም ይልቅ ግን በራሴ ነደድሁ። ልጆቹ ሲመጡ እኮ ምንም አልጠየቁኝም ነበር። ዋጋ መቼ እንደሚጠየቅ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ ዋጋ የጠራሁትም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ወደቀች።

ያን ጊዜ እማማ ሙሉ ጮኸች። ክርክራችንን አንዱንም አልሰማችም፤ ያየችው ዝናቡን ነው። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ኡኡ! ያገር ሰው! በርበሬዬን!» አለች። ያን ድምፅ የሰማሁት ባሏ የሞተ ዕለት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ መቼ እንደተነሣ አላየሁም። ብርቱካን ነጠላዋን አንጥፋ በሁለት እጇ ታፍሳለች። ማኅበርተኛው ጽዋውን ጥሎ ቁልቁል ይወርዳል። ቄሰ ገበዙ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ ጃንጥላቸውን በርበሬ ክምር ላይ ገትረው፣ እናንተ ወዲህ፣ እናንተ ወዲያ እያሉ ያዛሉ። በሚካኤል ቀን አባቴ፣ ብዬ አፌን ስከፍት፣ በሩጫቸው ላይ ሆነው፣ ኡኡታ በዓል አይጠብቅም፣ አንተም ዝም ብለህ ተሸከም አሉኝ። ተሸከምሁ። ከጧት ጀምሮ እጄ በርበሬ ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ ሲለቀው ሜዳው ላይ የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ነበር። እማማ ሙሉ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ እየዳበሰች አለቀሰች፤ ከዚያ የልጆቹን ግንባር ተራ በተራ ሳመች። ብርቱካንን ሁለት ጊዜ ሳመቻት። እኔን ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? «አንት ልጅ፣ ዋርካው ሥር ቆመህ ቆይተህ ምነው ላብ አጠመቀህ?» አለችኝ።

ሽሮውና ንፍሮው ቀርቦ ስንበላ ትንሽ ተንፈስ አልሁ። በርበሬው ገብቷል። የገባው ደግሞ በኡኡታ ነው እንጂ በማርክ አይደለም፤ ስለዚህ የምሰጠው የለም። ይህንኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኋቸው። ብርቱካን ጉርሻዋን ዋጠችና ለቄሰ ገበዙ አቤት አለች። እሳቸውም እንደ ዳኛ ተደላድለው ተቀመጡ። ደመወዝ እንዳንለው በበዓል ደመወዝ የለም አሉ። ውሸት እንዳንለው መምህር ነው፣ መምህር አይዋሽም አሉ። ይህን ሲሉ አዩኝ። በሚካኤል ቀን፣ የሚካኤልን ስም ጠርቶ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት «እሰጣለሁ» ያለ ሰው የገባው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ማኅበርተኛው በአንድ አፍ «ስእለት!» አለ። ስእለት ደግሞ ይገባል እንጂ አይነሣም ብለው ፈረዱና ጠላቸውን አነሡ።

ሰኞ ዕለት ለሠላሳ አንድ ተማሪ አሥር አሥር ማርክ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ምን እጽፋለሁ? ከዚያ ብስጭቴን ለመወጣት መጽሐፉን ገልጬ፣ ሌሎች ነገሮች ሁሉ ሳይለወጡ ዋጋ ሲጨምር አቅርቦት ይጨምራል ብዬ በሰሌዳው ሙሉ ጻፍሁ። ብርቱካን እጇን አወጣች። ሚካኤል ከሌሎቹ ነገሮች ውስጥ ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ቁጭ በይ አልኋት።

በወሩ መጨረሻ የጋራ ፈተና መጣ። ፈተናውን የሚያወጡት እኛን አይተውን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ከነመልሱ ታሽጎ ይመጣልናል። የመጨረሻው ጥያቄ «ዋጋ ሲጨምር አቅርቦት ምን ይሆናል? በምሳሌ አብራራ» ይላል። አሥር ማርክ ይይዛል። ሠላሳ አንዱም ያለ ኩረጃ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል፣ እንደ ቀኑ ነው፣ በሚካኤል ቀን ከሆነ ጨርሶ ይጠፋል ብለው ጻፉ። ለምሳሌም የእማማ ሙሉን በርበሬ አቀረቡ። አንዷማ ጃንጥላውን ሳይቀር ሥላዋለች። ከታሸገው ፖስታ ያወጣሁት መልስ ደግሞ «ይጨምራል፤ ምሳሌ፦ ፒዛ። ከዚህ የተለየ መልስ ዜሮ» ይላል።

በዓይኔ ያየሁትን፣ በትከሻዬ የተሸከምሁትን እውነት፣ በገዛ ቀይ እስክሪብቶዬ ሠላሳ አንድ ጊዜ ዜሮ አልሁት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያረምሁት። ብርቱካን ትወድቅ ይሆን ብዬ እየፈራሁ ድምሩን ስሠራ ማንም አልወደቀም። ፈተናው የወሰደባቸው አሥር፣ ሚካኤል ያስገባላቸው አሥር፤ ልክ በልክ ገጠመ። እኔ ፖስታውን የከፈትሁት በወሩ መጨረሻ ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን በወሩ በዐሥራ ሁለት አይቶት ኖሯል።